የዱባውን አንገት አይተሽ ግዢ

እህቴ፣ «አራት ኪሎ አካባቢ 4 በ5 ሜትር የምትሆን ባዶ ቦታ አለችኝ፤ ብዙ ሳልደክም ትልቅ ዱባ የሚሰጠኝ የትኛው ዘር ነው? አትላንቲክ ጃይንት የሚሉትን ከውጭ ላስመጣ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አታስመጪ።

አትላንቲክ ጃይንት ካናዳዊው ሃዋርድ ዲል ለውድድር ያወጣው ዘር ነው። ከ1,200 ኪሎ በላይ የመዘኑት የዓለም ባለ ክብረ ወሰን ዱባዎች የሱ ዘሮች ናቸው። እዚያ የሚደርሰው ግን ለአንድ ተክል ከአንቺ ግቢ የሚበልጥ መሬት ተሰጥቶት፣ ፍሬው አንድ ብቻ ቀርቶለት፣ ውኃና ማዳበሪያ ሳይቋረጥበት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሱ ጀሪካን መሸከም ቀልድ ነው። ሥጋውም ውኃማ ነው፤ ወጥ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። ለዘር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሚጠየቅ በሻንጣ ያስመጣሽው ፓኬት አየር ማረፊያ ሊቀር ይችላል።

ላንቺ ትልቅ ማለት ከ6 እስከ 12 ኪሎ ይሁን። ለሱ የሚያስፈልገው ዘር እዚሁ ጉሊት ላይ አለ።

1. ዝርያ። ሁሉንም ዱባ ብለን እንጠራለን እንጂ ገበያ ላይ የሚደባለቁት ዝርያዎች ይለያያሉ። ዋናዎቹ ማክሲማና ሞስካታ ናቸው። ማክሲማ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይችላል። ሞስካታ ሌሊቱም እንዲሞቅለት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ሞስካታ የዘራ ሰው ሐረጉ አጥሩን ሲያለብስለት ደስ ይለዋል፤ ኅዳር ላይ ግን እጁ ላይ የሚቀረው ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ነው። ብዙ ሰው አንድ ዓመት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ ዱባና ዱባም ለየቅል ነው።

የዘር ሱቅ ሄደሽ የትኛው እንደሆነ ብትጠይቂ «ዱባ ዱባ ነው» ይሉሻል፤ ፓኬቱን ገልብጠሽ ቀኑን ስታዪ ደግሞ ይቆጣሉ። ሙሉ ዱባ ግዢና አንገቱን እዪ። ከሐረግ ጋር ያያያዘው አንገት ክብ፣ ወፍራም፣ እንደ ቡሽ ለስላሳና የተሰነጣጠቀ ከሆነ ማክሲማ ነው። ጠንካራ፣ ባለ 5 ጠርዝ ሆኖ ፍሬውን ሲነካ የሚሰፋ ከሆነ ሞስካታ ነው፣ ለወጥ ብቻ ውሰጂው። ነጋዴዎች አንገቱን መቁረጥ ስለሚወዱ ያልተቆረጠ ይስጡኝ በዪ። ስትከፍቺው ውስጡ ያለው የማክሲማ የዘር ፍሬ ሞላ ያለ ነው፤ የሞስካታው ዙሪያው ጠቆር ብሎ ሸካራ ነው። መጀመሪያ ቀቅለሽ ቅመሽው። ከጣፈጠሽ ፍሬውን አጥበሽ ጥላ ውስጥ 2 ሳምንት አድርቂ። ከፓኬት የተገዛ ዲቃላ ዘር (ኤፍ 1) ከሆነ ግን ፍሬውን ለከርሞ አታስቀሪ፣ እናቱን አይመስልም።

2. ቦታ። በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ አትድከሚ፤ የጎረቤት ፎቅ ጥላ የሚጥልበት ጥግ ዱባ አይሰጥም። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት ቆፍሪና ከ2 እስከ 3 ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅለሽ መልሺ። አፈርሽ ጥቁር ከሆነ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ ቆልዪው፤ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል። ዩሪያ አታስጠጊው፣ ቅጠል ብቻ ያበዛል።

3. ግንቦት አጋማሽ ላይ 3 ፍሬ በ3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሪ፤ አንድ ስንዝር ሲሆኑ ጠንካራውን አስቀርተሽ ሁለቱን ቁረጪ። ለግቢሽ አንድ እግር ይበቃል። ሁለት እናድርግ ያለ ሰው መግቢያ በሩን አጥቷል።

ከዚያ በኋላ ክረምቱ ያጠጣልሻል። ሥራ የሚባለው አበባው ላይ ነው፣ እሱንም ብዙ ሰው አያውቀውም። መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚያብበው ወንዴ ብቻ ነው፤ ፍሬ እምቢ አለ ብለሽ እንዳትነቅዪው። ወንዴው ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር እንቁላል የምታህል ዱባ ይዛ ነው የምትመጣው። የምትከፈተው አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናብ ባለበት ጠዋት ንብ አይወጣም። ያልተዳቀለችው ትንሽ ዱባ በሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆና ትረግፋለች፤ ሰዉ ግን በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይረጫል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ውጪ፣ ወንዴውን ቅጠፊ፣ ቢጫ ቅጠሉን ልጪና መሐሉ ላይ ያለውን ብናኝ በሴቴዋ መሐል ላይ ቀስ ብለሽ አሽሺ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት ፍሬ ሲይዙ ሌላውን ቅጠፊ። ከፍሬው ወዲያ 6 ቅጠል ቆጥረሽ የሐረጉን ጫፍ ቁረጪ፣ ቦታም ይቆጥብልሻል። ፍሬው ሥር ጣውላ ወይም የብሎኬት ስባሪ ከጭድ ጋር አድርጊ፤ እርጥብ አፈር ላይ የተኛ ዱባ ሆዱ ይበሰብሳል። መስከረም ላይ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ሻጋታ ነው፤ የከፋባቸውን አሮጌ ቅጠሎች ቆርጠሽ ጣዪ፣ ፍሬው ካደገ ብዙ አያሳስብም። ከሱ የሚብሰው ለእንቁጣጣሽ የተገዛው በግ ነው፣ ከሐረጉ ርቆ ይታሰር።

የሚቆረጠው አንገቱ ሲደርቅና ቆዳው በጥፍር ሲጫን አልበሳ ሲል ነው፤ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ይሆናል፣ ለነቢያት ጾም ይደርስልሻል። አንገቱን 5 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ በቢላ ቁረጪ እንጂ አንገቱን ይዘሽ አታንሺው። 10 ቀን ፀሐይና ነፋስ ካገኘ በኋላ ደረቅ ቦታ ጣውላ ላይ አስቀምጪው፣ ሲሚንቶ እርጥበት ይሰጠዋል። እንዲህ ከተያዘ 3 ወር ይቆያል፤ አንገቱ የተሰበረውን ግን አስቀድመሽ ሥሪው።