ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቁስሉ ጠፍቷል፤ በሽታውስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ባለትዳር ነኝ። ከሦስት ወር በፊት ከቤቴ ርቄ በነበርኩበት ጊዜ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጸምኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብልቴ ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ወጣች፤ አታምም፣ አታሳክክም። አንድ ጓደኛዬ ከተረፈው አሞክሲሲሊን ሰጠኝና ለአራት ቀን ዋጥኩ፤ ቁስሏም ጠፋች። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ደሟ ተመርምሮ ደህና ነሽ ተብላለች። እንዲህ ያለ ቁስል ከመጸዳጃ ቤት ሊይዝ ይችላል? መድኃኒቱንስ ልድገመው?

መልስ፦ ከመጸዳጃ ቤት አይይዝም። ይህን ዓይነት ቁስል የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሰው ገላ ወጥቶ ሲደርቅ ወዲያው ይሞታል። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ግን ያስጨነቀዎት የመጸዳጃ ቤቱ ጉዳይ አልመሰለኝም። «ባለቤቴንና ያልተወለደ ልጄን ጎድቻቸው ይሆን?» ብለው መጠየቅ ፈርተው ነው። እኔም የምመልሰው ለዚህኛው ነው። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አልረፈደም። በአምስተኛው ወር በሽታው ተገኝቶ በአግባቡ ከታከመ፣ ለእናቲቱ የሚሰጠው መድኃኒት በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱንም ያክማል። ይህ ተስፋ የሚሠራው ግን በዚህ ሳምንት ከተነሡ ነው።

ደብዳቤ አንብቤ ቂጥኝ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ሆኖም ግንኙነት ከተፈጸመ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የወጣ፣ ሕመም የሌለው አንድ ቁስል ሲነገረኝ በመጀመሪያ የምጠረጥረው እርሱን ነው።

አሁን ትልቁን ስሕተት በደንብ እንነጋገርበት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው በእርሱ ነውና። ቁስሉ የጠፋው በእንክብሉ ነው ብለው አምነዋል። የቂጥኝ ቁስል ግን ምንም መድኃኒት ሳይወሰድ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱ ይደርቃል። ውኃ ብቻ ቢጠጡም ይጠፋ ነበር። በሽታው ግን አልጠፋም፤ ከቆዳው ወደ ደም ገብቷል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሽፍታ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሳይቀር ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም አያሳክክም። አንዳንዱ ሰው ትኩሳት ይሰማዋል፣ ንፍፊት ያብጥበታል፤ ሌላው ምንም አያይም። እርስዎ ያሉበት ጊዜ ይኸው ስለሆነ መዳፍዎንና ውስጥ እግርዎን በብርሃን ይመልከቱ። ምንም ካላገኙም ነጻ ነኝ አይበሉ፤ ሽፍታውም እንደ ቁስሉ ራሱ ይጠፋል። ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ዳንኩ ይላል። ከዚያ በኋላ በሽታው ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ባልታከሙት ከፊሎቹ ላይ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥርና አንጎልን ይጎዳል። ዓይንንና ጆሮን የሚነካው ግን ዓመታት ሳይጠብቅ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እይታዎ ከደበዘዘ፣ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም መስማት ከቀነሰ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይድረሱ።

የጓደኛ ትራፊ መድኃኒት ስለ መዋጥ በለሰለሰ አነጋገር መጻፍ አልችልም። አራት ቀን የተዋጠ እንክብል ቂጥኝን አያድንም፤ ሕመምተኛውን ግን ያዘናጋዋል። ያ ቁስል ሳይደርቅ አንድ ጤና ባለሙያ አይቶት ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ታክመው ነበር። አይድገሙት፤ ለባለቤትዎም እንዳይሰጧት!

የባለቤትዎ ምርመራ ደህና መባሉ አጽናንቶዎት ይሆናል። ግን ቀኖቹን ይቁጠሩ። እርስዎ ከተጋለጡበት ጊዜ በፊት፣ ወይም በሽታው ወደ እርሷ ከተላለፈ ገና ጥቂት ሳምንት ሳይሞላው የተደረገ ምርመራ ከሆነ ስለ ዛሬው ደሟ ምንም አይነግረንም። ያልታከመ ቂጥኝ ፅንስ ያስወርዳል፣ ልጁ ሞቶ እንዲወለድ ያደርጋል፤ በሕይወት የተወለደውንም ከሕመም ጋር ያስወልዳል። ሁለታችሁም አዲስ የደም ምርመራ ያስፈልጋችኋል። በሽታው እርስዎ ላይ ከተገኘ፣ የእርሷ ውጤት ነጻ ቢሆንም እንኳ ሐኪሟ ሳይጠብቅ ሊያክማት ይችላል፤ በቅርቡ የተያዘ ሰው ደም መጀመሪያ ላይ በሽታውን ላያሳይ ስለሚችል ነው። በዚያው ቀን ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ፣ ለጨብጥና ለክላሚዲያም ተመርመሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳዩ ስለ ባለቤትዎ «ደህና ነሽ ተብላለች» ያሉት ቃልዎ አያረጋጋኝም።

እንግዲህ መንገር ግድ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትዳራችሁ ምን እንደሚሆንም ከዚህ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም። ብቻዎን ከከበደዎት ጤና ባለሙያው ባለበት፣ በእርሱ እገዛ ይንገሯት። ደብቀው ብቻዎን ቢታከሙ ግን እርሷና ልጁ በበሽታው ይቀራሉ፤ እርስዎም መልሰው ከእርሷ ይያዛሉ፤ አንድ ጊዜ መታከም ዳግመኛ ከመያዝ አይከላከልምና። ሁለታችሁም ታክማችሁ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ግንኙነት አይኑር።

ሕክምናው ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። በሽታው ከተያዘ አንድ ዓመት ያልሞላው ከሆነ ብዙውን ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ በመቀመጫ ጡንቻ አንድ ጊዜ የሚወጋ ነው። ፅንሱን ስለማከም የሚታመነው ይኸው ፔኒሲሊን ብቻ ስለሆነ፣ ከሁለታችሁ የአንዳችሁን ሰውነት ፔኒሲሊን አስቆጥቶ (አለርጂ) የሚያውቅ ከሆነ ከመወጋታችሁ በፊት ተናገሩ። ከመርፌው በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ሊመጣ ይችላል፤ ባክቴሪያው ሲሞት የሚከሰት ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። ባለቤትዎ ግን ሆዷን ምጥ መሰል ቁርጠት ከያዛት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ማዋለጃ ክፍል ይዘዋት ይሂዱ። የእርስዎ ደም ከ6 ወርና ከ12 ወር በኋላ እንደገና ይታያል፤ የእርሷን ግን ክትትል የሚያደርግላት ሐኪም ከመውለዷ በፊት ይደግመዋል።