ኤንትሬ እውነት እንደሚወራለት ነበር?

ሰላም ናችሁ የግሩፑ ሰዎች። ትናንት አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነበር፦ «አያቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ፤ ኤንትሬን አንሥተው አይጠግቡም። እውነት ከነቮልቮና ስካኒያ የሚስተካከል መኪና ነበር ወይስ የትዝታ ነገር ነው? ደግሞ አንድ ቆሞ የቀረ አግኝቻለሁ፤ ገዝቼ ባነሳው ያዋጣኛል?» ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩት። ግማሹ «የመኪና ንጉሥ» ብሎ ልብ ለጥፎ ሄዷል፤ ግማሹ «ቆርቆሮ» ብሎ አልፏል። ልጁ ከሁለቱም ምንም አላተረፈም። እኔ ረዳትነት የጀመርኩት በዚሁ የጣሊያን ከባድ የጭነት መኪና ነው፤ ኋላም ነድቼዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ጋራዥ ገብቼ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ስለዚህ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ፤ የቸኮለ ይለፈው።

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። እንደ መኪና ካየኸው ኤንትሬ አይበልጥም። ቮልቮ ኤን 10 ይበልጠዋል፤ ስካኒያ 110ም ይበልጠዋል። በጉልበትም፣ በፍጥነትም፣ በምቾትም። አያትህ ግን አልዋሹህም። እሳቸው የሚያወሩልህ መኪናው ሲሄድ ስለነበረው ነገር አይደለም፤ ሲቆም ስለሚሆነው ነው። ኤንትሬ በረሃ ላይ ቢቆም፣ ባለው ሰውና ባለው ዕቃ ተነሥቶ ቤቱ ይገባል። በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ለማያውቁት፣ ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። 682 መጀመሪያ የወጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤን 3 የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጣሊያን ውስጥ ሌላ አዲስ ሞዴል ወጥቶ ይሄኛው ካረጀም በኋላ ለውጭ ገበያ፣ በተለይ ለአፍሪካ፣ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ ሲሠሩት ቆይተዋል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው «የአፍሪካ ንጉሥ» ነው የሚሉት። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ናፍጣ ሞተር፣ ያለ ቱርቦ። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ነው የተቀመጠው። ይሄ ማለት አፋር ውስጥ ውጭው ይነድዳል፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ እሳት አለው ማለት ነው። ድምፁን ተወው። ከሹፌሬ ጋር ስናወራ እንጮህ ነበር፤ ከመኪና ወርደን ሻይ ቤት ከገባን በኋላም መጮኹን አንተውም፤ ሰው ተጣልተው ነው ወይ ይላል።

ካምቢዮው አራት ማርሽ ነው፤ በሪዶታ፣ ማለትም በማርሽ መቀነሻው፣ እያንዳንዱን ለሁለት ስትከፍለው ስምንት ይሆናል። ፍሪሲዮን ሁለቴ ካልረገጥክ፣ ደግሞ የሞተሩን ዙር በጆሮህ ካልመዘንክ አይገባልህም። ይጮኽብሃል። ጎበዝ ሹፌር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነበር። ዳገት መሀል ማርሽ ሲቀንስ ጥርሱ ሳይነካካ፣ ጭነቱ ሳይንገጫገጭ ስልት ብሎ የሚያስገባ ሰው ይከበራል። ያልቻለ ደግሞ መንገድ ዳር ያለ እረኛ እንኳ ይስቅበታል። የኛው መሪ ሃይድሮሊክ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሙሉ ጭነት ይዞ ቆሞ ለማዞር ክንድ ሳይሆን ወገብ ነው የሚሠራው።

የድሮዎቹ መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ይሄን ብዙ ልጆች ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ጣሊያኖች በአገራቸው በቀኝ እየነዱ ከባድ መኪናቸውን ግን ለረጅም ዘመን መሪውን በቀኝ አድርገው ነው የሠሩት። ጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ በመስኮቱ ዝቅ ብሎ ጎማው ከገደሉ ጠርዝ ስንት እንደቀረው በዓይኑ እንዲያይ ነው። እኛ አገር እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የሚነዳው በግራ ስለነበር ነገሩ ያኔ ተራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዱ ወደ ቀኝ ተቀየረ፣ መሪው ባለበት ቀረ። ሊማሊሞ ላይ ይሄ በረከት ነው፤ ጠርዙ ከክርንህ ሥር ነው። ሜዳ ላይ ግን ፊትህ ያለውን ልቅደም ብትል ምንም አይታይህም። የሚያየው በግራ የተቀመጠው ረዳት ነው። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ቆይ… ቆይ… ሂድ!» እል ነበር። ሹፌሬን ለወትሮው ጋሼ፣ አንቱ ነው የምላቸው። እዚያች ላይ ግን «ሂድ!» ነው። «ይሂዱ» ብለህ እስክትጨርስ አውቶቡስ ይመጣል። እሳቸውም ቅር ብሏቸው አያውቅም።

ከአሰብ ጭነህ ስትመጣ የመኪናው ልክ የሚታወቀው ደብረ ሲና ላይ ነው። ከባሕር ወለል ተነሥተህ ጣርማ በር ዋሻ ስትደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ወጥተሃል። አየሩ እዚያ ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ያንሰዋል፤ ናፍጣው ግን ያው ነው፤ ስለዚህ በሙሉ አይቃጠልም። ያ ጥቁር ጭስ ከዚያ ነው የሚመጣው። የደብረ ሲና ልጆች ቆሎ ይዘው በእግራቸው ከጎንህ እየሄዱ ይሸጡልሃል፤ መልስህን ሰጥተውህ ቀድመውህ ይሄዳሉ። ረዳት ደግሞ ታኮ ይዞ ከኋላ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ተሸንፎ ከቆመ፣ ፍሬኑ እንደያዘ ሮጦ ከጎማው ሥር መወሸቅ ነው። ታኮዋ ከባድ እንጨት ናት፤ አንዴ ጫፏ ከተበላ ስለምትንሸራተት ሌላ ትቆረጣለች። ቁልቁለት ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ተማምኖ የወረደ ብዙ ሰው ቀርቷል። የድሮ መኪና አስተማማኝ ነበር እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን ቢያስታውሱ ደግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ጊዜ ከሚሌ አለፍ ብለን ሎጊያ ሳንደርስ ሞተሩ ተንገፍግፎ ጠፋ። የቀዳነው ናፍጣ ቆሻሻ ነበረው፤ ፊልትሮው ተደፍኗል። ጋሼ አልተናደዱም። ጆንያ አንጥፈው ቁልፋቸውን ደረደሩ። ፊልትሮውን ፈትተው በንጹሕ ናፍጣ አጠቡትና መለሱት። ከዚያ መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ማውጣት ነው። እሳቸው ብሎኑን ፈታ ያደርጉታል፣ እኔ የእጅ ፓምፗን እመታለሁ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። ትመታለህ። ከዚያ እየቆራረጠ ይተፋል። ትመታለህ። በመጨረሻ ናፍጣው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሲወርድ «በቃ» ብለው ያጠብቁታል። ቀጥሎ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ወደሚገፋው ኢንጀክሽን ፓምፕ፣ ቀጥሎ ወደ ኖዝሎቹ ቱቦ፣ ያንኑ መድገም ነው። ሲነሣ ጀምበሯ ገና አልጠለቀችም። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ፤ ቁልፍ፣ ጨርቅና ትዕግሥት ብቻ። ዛሬ ዘመናዊው መኪና እዚያው ቦታ ላይ ቢቆም የመጀመሪያ ሥራህ ኔትወርክ መፈለግ ነው።

ባሌስትራም፣ ከሥር ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ቅጠል፣ ይሰበራል፤ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ነበርና የምንጭነው። የኋላው ቅጠል ሲሰበር አክሱሉና ሻሲው መሀል ጉማጅ እንጨት አስገብተህ በሰንሰለት ጠፍረህ ቀስ እያልክ ኮምቦልቻ ትገባለህ። እዚያ ቅጠሉን ከሌላ አሮጌ ባሌስትራ ቆርጦ፣ አግሎ፣ አጉብጦ የሚሠራልህ ሰው አለ። ጎሚስታውም እንደዚያው ነው። የድሮው ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ቀለበት ያለው ነው፤ ጎማው ሲነፋ ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ እንደ ጥይት ይወረወራል። የሚያውቅ ጎሚስታ የብረት ዘንግ በቸርኬው ቀዳዳዎች አሳልፎ፣ ራሱ ወደ ጎን ቆሞ ነው የሚነፋው። ዝም ብሎ ከፊቱ የተቀመጠ ጎሚስታ ካየህ ጎማህን ይዘህ ውጣ።

ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ ብትል፣ ከኤንትሬ በፊት ትሬንታ ኳትሮ ነበር። ፊያት 634 ነው፤ በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣ። ጣሊያን ሲወረን ጦሩን የጫነበት መኪና ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ መኪናውም፣ መንገዱም፣ አገር ሳይለቅ የቀረው ጣሊያን ሜካኒክም እዚሁ ቀረ። ልጆች ከነሱ ሥር ቁልፍ አቀባይ ሆነው ተማሩ። ኤንትሬ ሲመጣ ሞተሩን የሚረዳው ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ መኪና መገጣጠሚያው አምቼ ሲቋቋም ደግሞ የፊያት ነገር የበለጠ ሥር ያዘ። ስዊድኖቹ ቮልቮና ስካኒያ የተሻለ መኪና ይዘው ሲመጡ ይሄ ሁሉ አልጠበቃቸውም። ኤንትሬን ንጉሥ ያደረገው ብረቱ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ላለመበደል ግን። ቮልቮ ኤን 10 በ1973 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ 10 ቁጥሩ የሞተሩ ሊትር ነው። ኤንትሬ ነድቼ እሱ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የገረመኝ መሪው ነው፤ በሁለት ጣት ይዞራል። ሞተሩ ፊት ለፊት አፍንጫው ውስጥ ስለሆነ እግርህ አይቃጠልም። ቱርቦ ስላለው ጣርማ በርን እየተነፈሰ ይወጣል። ስካኒያ 110 እና 111ም የዚያው ዘመን ጀግኖች ናቸው፤ 111ዱን እኔ በግሌ ከሁሉም አስበልጣለሁ፤ ቮልቮ ወዳጆች ይቅርታ። አጭር አፍንጫው መርሴዲስ ደግሞ ጨዋ መኪና ነው፤ ብዙ የማይወራለት ብዙ ስለማያስቸግር ነው።

በደርግ ጊዜ የመጣው ኢፋ ሌላ ዓለም ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሉድቪግስፌልደ ላይ ከ1965 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የተሠራው ደብልዩ 50። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡና ሲወደድባቸው ቡናችንን በጦር መሣሪያ ለመለወጥ ከደርግ ጋር የተዋዋሉት እነዚሁ ጀርመኖች ናቸው። ኢፋ ለቀላል ጭነት ደህና ነው፤ ከከባዶቹ ጋር ግን አታወዳድረው። የቼኮቹን ታትራ ያየ ደግሞ አይረሳውም። ሻሲው መሀል ለመሀል የሚያልፍ አንድ ወፍራም ቱቦ ነው፤ ባዶውን ሲሆን ጎማዎቹ ከታች በኩል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ሲጫን ይቃናሉ። ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ በረሃ ላይ እኛ ራዲያተር እየፈላብን ቆመን በጀሪካን ስናጠጣ ታትራው አቧራውን አልብሶን ያልፋል። ያኔ በጣም ያናድደኝ ነበር።

የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ተዘጋ። የቀሩት ኤንትሬዎች ወደ አሸዋና ድንጋይ ጭነት፣ ወደ ውኃ ቦቴነት ወረዱ፤ ብዙው ተቆራርጦ ለብረት ተሸጠ።

አሁን ስላገኘኸው መኪና። ለሥራ ከሆነ አያዋጣህም፤ ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ናፍጣውና ጎማው ብቻ ይበላሃል። ለፍቅር ከሆነ ግን ይቻላል፤ ጣሊያን ውስጥም አድሰው ሰልፍ የሚያወጡት ሰዎች አሉ። ከመግዛትህ በፊት ሊብሬው እንዳለና የሻሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠሙን እይ። ሊብሬ ከሌለው ተመለስ። ቀጥሎ ሻሲውን የኋላ ባሌስትራ የሚያዝበት ቦታ ላይ በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ ተመልከት፤ ተሰንጥቆ የተበየደ ከሆነ ዋጋውን በግማሽ አውርድ። ቀለም አዲስ ተቀብቶ ካገኘኸው ደግሞ የበለጠ ፍቅ። የሞተር ዘይቱን አውጣና ውኃ እንዳልገባበት እይ። ሞተሩ በእጅ የሚዞር ከሆነ ግማሽ መንገድ ሄደሃል፤ የያዘ ከሆነ ፒስቶን ማስወጣት ነው፣ ይቻላል ግን ጊዜ ይፈጃል። ከቆመ መኪና ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው ኢንጀክሽን ፓምፑ ነው። ፓምፑ ከሌለ ሌላውን አይተህ አትጎምዥ፤ እሱን ማግኘት ከመኪናው ይከብዳል። የጋቢናው ዝገት አያስፈራህ፤ ቆርቆሮ ሠራተኛ ሞልቷል።

አያትህ መሄድ ከቻሉ ይዘሃቸው ሂድ። ሞተሩን ለኔ ቢጤው ተወውና ካምቢዮውን እሳቸው ይንኩት፤ ማርሹን ቆሞ እያለም ሲያስገቡት የላላ ነገር ካለ እጃቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ የሻሲውን የኋላ ክፍልና የፓምፑን ጎን በደንብ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልን፤ ዋጋውን ያኔ እንነጋገራለን።