ኦዲት ከጀመርኩ ወዲህ ማታ ማታ ልቤ ይመታል፤ ታምሜ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ23 ዓመት ሴት ነኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ የኦዲት ድርጅት ከገባሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ላፕቶፕ ላይ ነኝ፣ ምሳም ብዙ ጊዜ ያልፈኛል። ማታ ስተኛ ልቤ በኃይል ይመታል፣ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል። ራሴንም ስለሚያመኝ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እወስዳለሁ። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነስቼ ደህና ነሽ ተባልኩ። ገና አዲስ ስለሆንኩ ለአለቃዬ መንገር ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ አቁሚ። ከጻፍሽው ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ይህ መድኃኒት ሕመም ሲያስታግስ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውንም ነገር አብሮ ይቀንሳል፤ በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ ሊያቆስልና ሊያደማ ይችላል። ሌላም አለ። ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ሰውም ሕመሙ የባሰበት መስሎት ይጨምራል። ስታቆሚው ለጥቂት ቀናት ራስሽን ሊብስብሽ ይችላል፣ አትደንግጪ። የግድ ከሆነ ፓራሲታሞል፣ እሱም በሳምንት ከሁለት ቀን አይለፍ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወክሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ለጨጓራው የኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስል ባክቴሪያ) ምርመራ አድርጊ። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) ገዝተሽ አትጀምሪ፤ ባክቴሪያው እያለ ውጤቱን የለም ሊያስብለው ይችላል።

ወደ ልብሽ ልምጣ። ኢሲጂው ደህና መሆኑ ጥሩ ዜና ነው፣ ግን የሚያየው የዚያችን ቅጽበት ብቻ ነው። ስንት ቡና እንደምትጠጪ አልነገርሽኝም። ጠዋት ማኪያቶ፣ ደንበኛው ቢሮ ስትደርሺ የፋይናንስ ክፍሉ ሰዎች የሚጋብዙሽ ቡና (እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ)፣ ማምሻውን ደግሞ እንቅልፍ ለማባረር አንድ ሌላ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣሽው ቡና ምሽት 4 ሰዓት አልጋ ላይ ስትወጪ ግማሹ ገና አብሮሽ አለ። ከምሳ በኋላ ቡና ይቅርብሽ፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ ሞክሪውና ልዩነቱን እይው። ሳይለቅሽ ከቀረ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ያስፈልግሻል፣ በአንቺ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ደረጃ ስትወጪ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ግን የዛኑ ቀን ታዪ።

ሰዓቱን ደመርኩት። በቀን 13፣ በአምስት ቀን 65 ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸር ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድልን በ35 በመቶ ይጨምራል። አንቺ ነገ ትወድቂያለሽ ማለቴ አይደለም፣ ጉዳቱ በዓመታት የሚጠራቀም ነው። ግን በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለተዘጋ ሥራ ተከመረ የሚለው ምክንያት በየዓመቱ ይመለሳልና ልማድሽን ከአሁኑ ያዢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (1156/2011) መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓቱን ደግሞ በሳምንት 12 ላይ ነው የገደበው።

አለቃሽን መፍራትሽ ይገባኛል። የሙከራ ጊዜ በሕግ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ አንቺ ደግሞ አልፈሽዋል። «ደክሞኛል» ብለሽ አትግቢ፣ እሱን ሁሉም ይለዋል። «ሐሙስ 8 ሰዓት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ ምሳ ደግሞ ለጨጓራዬ ስል በሰዓቱ መብላት አለብኝ» በይ። ያ ቀን እስኪደርስ ከቤት ትንሽ ምሳ ቋጥረሽ ውጪ፤ ደንበኛው ቢሮ ዳቦና እንቁላልም ቢሆን 7 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ዘግተሽ ብዪ።