«ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ ሰው እየናቅሁ ነው»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 27 ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም እፈራ ነበር። አሁን ሁሉም ያመሰግነኛል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። የማይጾሙትን፣ ጸሎት ላይ አርፍደው የሚመጡትን ሳይ በልቤ «እነዚህማ!» እላለሁ። በቅርቡ በዕድሜ የምታንሰኝ አገልጋይ ያስተማርኩት ላይ ስህተት እንዳለ በሰው ፊት ነገረችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ግን እስካሁን አኩርፌያታለሁ። ዝቅ ልበል ስል ደግሞ «አቤት ትሕትናዬ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። አገልግሎቱን ባቆም ይሻለኛል? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አታቁሚ። ብታቆሚ ትዕቢቱ አብሮሽ ቤት ይገባል፤ ሕፃናቱ ግን አስተማሪ ያጣሉ።

ደብዳቤሽን ሳነብ የይሁዳው ንጉሥ ዖዝያን ትዝ አለኝ። በ16 ዓመቱ ነገሠ፤ 52 ዓመት ገዛ። በኢየሩሳሌም ግንብ ሠራ፣ በምድረ በዳ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ እርሻ ይወድ ነበር። እግዚአብሔርንም ይፈልግ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ መጽሐፍ «በበረታ ጊዜ ልቡ ታበየ» ይለናል። በበረታ ጊዜ! ሌላው ኃጢአት ብዙውን ጊዜ በድካማችን በኩል ይገባል። ትዕቢት ግን በጾማችን፣ በጸሎታችን፣ አሳምረን ባስተማርነው ትምህርት በኩል ይመጣል። ከሁሉም አብልጬ የምፈራው ለዚህ ነው።

ዖዝያን ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን ዕጣን ራሱ ሊያጥን ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ 80 ካህናት አስከትሎ ገባና ይህ የአንተ ሥራ አይደለም፣ ውጣ አለው። ንጉሡ ተቆጣ። እዚህ ጋ ቆም በዪና እዪው። ጥናውን በእጁ እንደያዘ ነው የሚቆጣው። በእጁ የአምልኮ ዕቃ፣ በልቡ ንዴት። ለምጽ የሚባለው የቆዳ በሽታ ግንባሩ ላይ የወጣበት ያኔ ነው፣ ካህናቱን እየተቆጣ ሳለ። እስኪሞት ድረስ ከሰው ተለይቶ ለብቻው ኖረ።

የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማንም ተቆጥቶ ያውቃል። እሱ ቀድሞውንም ለምጻም ነበር። ብርና ወርቅ ጭኖ ኤልሳዕ ደጅ ደረሰ። ነቢዩ ግን ወጥቶ እንኳ አላየውም፤ ሂድና በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ታጠብ ብሎ መልእክተኛ ላከበት። ክብሩ ተነካ። ተናድዶ ሊሄድ ሲል አገልጋዮቹ ቀርበው መከሩት፣ እሱም ሰማቸው። ያ ሁሉ ሹመት ያለው ሰው የሎሌዎቹን ምክር ሰምቶ ወንዝ ወረደ፤ ነጻም።

ያቺ ልጅ ስታርምሽ ደምሽ መፍላቱ ብዙም አላስደነገጠኝም። ዖዝያንም ንዕማንም ደማቸው ፈልቷል። እኔን ያሳሰበኝ ኩርፊያሽ መክረሙ ነው።

«አቤት ትሕትናዬ» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ባንቺ አልተጀመረም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዎስ 8 ክፉ ሐሳቦችን ሲቆጥር መጨረሻ ላይ ያስቀመጠው ውዳሴ ከንቱንና ትዕቢትን ነው፣ ለየብቻ። ውዳሴ ከንቱ የሰው ዓይንና ጭብጨባ ይፈልጋል። ትዕቢት ግን ማንም ባያየው ግድ የለውም፤ «ይህን ያደረግሁት በራሴ ነው» ይላል። ሐሳቡ ሲመጣብሽ ቁጭ ብለሽ አትከራከሪው። እግዚአብሔርን አመስግኚና ወደ ሥራሽ ሂጂ። ብቻ ስታመሰግኚ ራስሽን ከማንም ጋር አታወዳድሪ። ጌታችን በምሳሌ የነገረን ፈሪሳዊም እኮ ጸሎቱን የጀመረው «አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነው። ያበላሸው ቀጥሎ ያለው ነው፣ «እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ» ማለቱ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» እያሉ መሽኮርመምንም አልመክርሽም። ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ምስጋና መለመኛ ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ምሽት ማንነቱን አልካደም። መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ፣ ነኝም አላቸው። የይሁዳንም እግር ያጠበው ይህን እያወቀ ነው። ስለዚህ ማስተማር ከቻልሽ አልችልም አትበዪ። አንድ ወዳጄ ሲመሰገን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ወዲያው ያመሰገነውን ሰው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል። ወሬው ከእሱ ላይ ይነሳል፤ ማንም ልብ አይለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ተጠግተሽ ብታዪው ብዙ ትማሪያለሽ።

አሁን ልጅቷ ጋ ሂጂ። በዚሁ ሳምንት ይሁን። «ያልሽው ልክ ነበር፣ አመሰግናለሁ» በያት። ለምን እንዳኮረፍሽ ማብራሪያ አትደርድሪ፣ ይቅርታሽ አጭር ይሁን። ቀጥሎ ሕፃናቱን ስታገኚ «ባለፈው የነገርኳችሁ ስህተት ነበር፤ ያረመችኝ እሷ ናት» ብለሽ ስሟን ጠርተሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ ትምህርትሽን ቀጥዪ።