«ጋዜጠኝነቱን እርሺው» ላሉሽ፦ ከኦሃዮ የዜና ክፍል ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ በአንድ ኤፍኤም ጣቢያ ሪፖርተር ነበርሽ። በዲቪ ኮሎምበስ ገብተሻል። ያገኘሽው ሐበሻ ሁሉ «ጋዜጠኝነቱን እርሺው፣ ወይ ነርሲንግ ተማሪ ወይ መጋዘን ግቢ» ይልሻል። እውነት በሩ ዝግ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ኦሃዮ በአካባቢ ቴሌቪዥን ለዓመታት ፕሮዲውሰር ሆኜ ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ይረዝማልና ታገሺኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ ነው።

በሩ አልተዘጋም። ግን «የአሜሪካ ሚዲያ» ሲባል እኛ ትዝ የሚለን ሲኤንኤንና ኒውዮርክ ታይምስ ብቻ ነው። ኒልሰን የተባለው ተመልካች የሚለካ ድርጅት አገሪቱን በ210 የቴሌቪዥን ገበያ ከፋፍሏታል። አንደኛዋ ኒውዮርክ ናት። ወደ ታች ስትወርጂ ስማቸውን ሰምተሽ የማታውቂያቸው ከተሞች የራሳቸው ጣቢያ፣ የራሳቸው የጠዋትና የማታ ዜና አላቸው። ኦሃዮን ብቻ ብትወስጂ ከክሊቭላንድ፣ ከኮሎምበስና ከሲንሲናቲ ሌላ ዴይተን፣ ቶሊዶ፣ ያንግስታውን፣ ላይማ፣ ዜንስቪል አሉ። ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ደግሞም ኤቢሲ ወይም ኤንቢሲ የሚል የአገር አቀፍ ኔትወርክ አርማ የለጠፈ የአካባቢ ጣቢያ በአብዛኛው የኤቢሲ ወይም የኤንቢሲ ንብረት አይደለም። ባለቤቶቹ እንደ ኔክስታር፣ ሲንክሌር፣ ግሬይና ስክሪፕስ ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። የኔትወርኩን ፕሮግራም በውል ይወስዳሉ፣ የአካባቢውን ዜና ራሳቸው ይሠራሉ። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ ኒውዮርክ ላለው የኔትወርኩ ዋና ቢሮ አትጻፊ። የጣቢያውን የዜና ዳይሬክተር ስምና ኢሜይል ፈልጊና በቀጥታ ላኪ። የካቲት፣ ግንቦት፣ ሐምሌና ኅዳር ገደማ ግን ተጠንቀቂ። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ጁላይና ኖቬምበር በሚሏቸው ወራት ተመልካች በተለየ ትኩረት ስለሚለካ ዜና ክፍሉ ይጨናነቃል፤ ኢሜይልሽን የሚያነብ አታገኚም።

ዋናው ምክሬ ይሄ ነው፤ ፕሮዲውሰር ሁኚ። ከኮሌጅ የሚወጣው ወጣት የሚመኘው ሪፖርተርና አንከር (ካሜራ ፊት ዜና አንባቢ) መሆንን ነው። ከኋላ ሆኖ ዜናውን የሚሠራ ሰው ይጠፋል። እኔ በሠራሁባቸው ዜና ክፍሎች የፕሮዲውሰር ቦታ ሙሉ የሆነበትን ጊዜ ማስታወስ ይቸግረኛል።

ሥራው ምን መሰለሽ? አንድ የግማሽ ሰዓት ዜና ይሰጥሻል። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው በሃያ ሰከንድ ይለፍ፣ የትኛው ሪፖርተር በቀጥታ ይግባ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ዝርዝሩን ራንዳውን ይሉታል። አንከሩ ከሚያነበው ብዙውን የምትጽፊውም አንቺ ነሽ። ስርጭቱ ሲጀመር ኮንትሮል ሩም ተቀምጠሽ በአንከሩ ጆሮ እየተናገርሽ ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ። ድንገት የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ የደረደርሽውን ሁሉ አፍርሰሽ ስርጭቱ ሳይቋረጥ እንደገና ትሠሪያለሽ። በእኔ እምነት በአንድ ጣቢያ ውስጥ የጋዜጠኝነት ፍርድ በብዛት የሚጠየቅበት ወንበር ይሄ ነው። እንግሊዝኛ ስትናገሪ ያለሽ ዘዬ እዚህ ቦታ ላይ ጉዳይ አይደለም። የሚታየው ጽሑፍሽና ፍጥነትሽ ነው።

ከባዱን ጎን አልደብቅሽም። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የጠዋቱ ዜና ነው። እኩለ ሌሊት አካባቢ ትገቢያለሽ፣ ሰው ሥራ ሲገባ ትወጫለሽ። መነሻ ደመወዙ መጋዘን ከሚከፍለው ሊያንስ ይችላል። የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ያስፈርሙሻል። ውሉ ውስጥ ከጊዜው በፊት ከለቀቅሽ ገንዘብ ክፈይ የሚል አንቀጽ አይጠፋም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ታመው ወደ ሌላ ስቴት መሄድ ነበረባት። ጣቢያው ውሉን አወጣና የቅጣት ሂሳብ አቀረበላት። ሕጋዊ ነበር። ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አደራ፣ ከመፈረምሽ በፊት ያን አንቀጽ አንብቢ። ለቤተሰብ ችግር ነፃ የሚያደርግሽ ቃል እንዲጨመርበት ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰው ያጣ ዳይሬክተር ይደራደራል።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካወቅሽ የቱ ወንበር እንደሚነቃነቅ መገመት ትችያለሽ። ጋዜጦች ይኖሩ የነበረው በማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ተራ በተራ ወደቁ። እዚሁ ያንግስታውን ደ ቪንዲኬተር የሚባለው ጋዜጣ ከ1869 ጀምሮ ሲታተም ኖሮ በ2019 ባለቤቶቹ ዘጉት። ዛሬ በዚያ ስም የሚወጣውን እትም የሚያዘጋጀው የጎረቤት ከተማ ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ላይ ሥራ ከተሰጠሽ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አጣሪ። አልደን ግሎባል ካፒታል የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2021 ቺካጎ ትሪቢዩንን የያዘውን ኩባንያ ሲገዛ ወዲያው ብዙ ነባር ጋዜጠኞች ገንዘብ ተቀብለው እንዲለቁ ተደርጓል።

ቴሌቪዥኑ እስካሁን የቆመው በሌላ ገቢ ነው። የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች ጣቢያውን ለማስተላለፍ በደንበኛ ቁጥር ልክ በየወሩ ይከፍላሉ። ጣቢያዎቹ ይህን ክፍያ የመጠየቅ መብት ያገኙት በ1992 በወጣው የኬብል ሕግ ነው። የምርጫ ማስታወቂያም አለ። በ2024 ኦሃዮ ላይ ለሴኔት የተደረገው ውድድር በዚያ ዓመት ከነበሩት የኮንግረስ ውድድሮች ሁሉ ብዙ የማስታወቂያ ገንዘብ የፈሰሰበት ነበር። ሰው ኬብሉን ባቋረጠ ቁጥር ግን የወሩ ክፍያ ይመነምናል። የምርጫው ገንዘብም በየሁለት ዓመቱ ነው የሚመጣው። እኔ ሠራተኛ ሲቀነስ ያየሁት ብዙውን ጊዜ ምርጫ በሌለበት ዓመት ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ አንቺም ጠይቂያቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ፣ የግድ መተላለፍ ያለበት ነገር አለ ወይ? በ2018 በብዙ ከተሞች ያሉ የሲንክሌር ጣቢያዎች አንከሮች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ቃል በቃል ሲያነቡ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጭቶ አገር ጉድ ብሎ ነበር። አገር ቤት ከላይ የመጣ ጽሑፍ ማንበብ የሰለቸን ሰዎች እዚህም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አውቀን ብንገባ ይሻላል።

አሁን ብዙ ሐበሻ የማያውቀውን ልንገርሽ። የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኤፍሲሲ የቅጥር ደንብ አለው። አምስትና ከዚያ በላይ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ያለው ጣቢያ የሙሉ ሰዓት ቦታ ሲከፈት በሰፊው ማሳወቅ አለበት። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ለሰዎች የሥራ ማስታወቂያ የሚያደርስ ድርጅት «ቦታ ሲከፈት አሳውቁን» ብሎ ከጠየቀ ጣቢያው ማስታወቂያውን የመላክ ግዴታ አለበት። ለእነማን እንዳሳወቀም በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱን ድረ ገጹ ላይ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ እዚህ ግሩፕ ላይ ያላችሁ የኮሚኒቲ ማኅበር አመራሮች፣ በየከተማችሁ ላሉ ጣቢያዎች አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ወጪ የለውም። ልጆቻችን ቦታው ሳይሞላ በፊት ይሰማሉ።

እንግሊዝኛ የሥራ ናሙና የለኝም ብለሻል። ዶክመንተርስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ቺካጎ ነው የተጀመረው። ተራ ነዋሪዎችን አሠልጥኖ የከተማ ምክር ቤትና የትምህርት ቦርድ ስብሰባ ላይ እየላከ ማስታወሻ ያስይዛል፣ ይከፍላልም። ዲግሪ አይጠይቅም። እኛ ስቴት ውስጥ ክሊቭላንድና አክረን አለ። እዚያ የምትጽፊው ማስታወሻ ይታተማል። ኮሎምበስ ሆነሽ ባይመችሽም ራስሽ የከተማሽ ምክር ቤት ስብሰባ ግቢ። ክፍት ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ከዚያ ስለ አንድ ውሳኔ ሠላሳ ሰከንድ የሚነበብ ዜና ጻፊ።

አጻጻፉ ላይ አገር ቤት የለመድነውን መተው ይኖርብሻል። እኛ «ከንቲባው ገለጹ» ብለን እንጀምራለን። እዚህ «የውሃ ሂሳባችሁ ከመጪው ወር ጀምሮ ይጨምራል» ብለሽ ነው የምትነሽው። ከንቲባው ቀጥሎ ይመጣል፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን። ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ቁረጪው። ብዙ ጣቢያ ሲቀጥር የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል። የዜና ወኪል ዘገባ ሰጥተው በተወሰነ ደቂቃ አሳጥሪ ይሉሻል።

ሲቪሽ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ አታስገቢ፤ እዚህ አይደረግም። የአዲስ አበባውን ልምድሽን ግን ከላይ አድርጊው። በየቀኑ የቀጥታ ስርጭት የሠራ ሰው ሰዓት ያከብራል፣ ያን ያውቃሉ።

ብዙዎቻችን ተስፋ የምናደርግባቸው ሌሎች በሮች ለጊዜው ጠበዋል። የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ከ1982 ጀምሮ የስንቱ ሐበሻ ጋዜጠኛ ቤት ነበር። በማርች 2025 የድርጅቱ ሠራተኞች እረፍት ውጡ ሲባሉ ያዘንኩት በግሌ ነው፤ ልጅ ሆኜ አባቴ በዚያ ሬዲዮ ነው ያሳደገኝ። በዚያው ዓመት ጁላይ ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል። በእነዚህ ላይ ብቻ ተስፋ ጥለሽ አትጠብቂ።

ነርሲንግ የተማሩትን አልነቅፍም፣ እህቶቻችን ቤተሰብ ያስተዳደሩበት ሙያ ነው። መጋዘን ገብተሽም ቢሆን ናሙናውን በጎን ማዘጋጀት ትችያለሽ። ሦስት አጫጭር ዜና በእንግሊዝኛ ጻፊና ኢንቦክስ አድርጊልኝ። አርሜ እመልስልሻለሁ። ከዚያ የማመልከቻውን ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን። ከዴይተንና ከቶሊዶ ብንጀምር ጥሩ ነው።