በዲሲ የቅጂ መብትና የንግግር ነፃነት ጠበቃ መሆን ለሚፈልገው ወንድማችን

«የሕግ ዲግሪዬ የአዲስ አበባ ነው፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በዲሲ የቅጂ መብትና የንግግር ነፃነት ጉዳይ ይዤ ችሎት ለመቆም ከየት ልጀምር?» ላልከው ወንድሜ።

1. ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ስትመርጥ ስሙ አያማልልህ። ዲሲ የውጭ ዲግሪ ካለው ሰው 26 ክሬዲት ይፈልጋል፤ ያውም በባር ፈተናው (በጥብቅና ፈቃድ ፈተናው) በሚወጡ ትምህርቶች ብቻ። የቅጂ መብት ከነሱ አይቆጠርም። ስለዚህ በአእምሯዊ ንብረት ያጌጠ ዲፕሎማ ይዘህ ለፈተናው ሳትበቃ ልትቀር ትችላለህ። ውል፣ የማስረጃ ሕግ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትና ሕገ መንግሥት ሙላበት። ኒውዮርክ 24 ክሬዲት ቢበቃውም ድልድሉ ሌላ ነው፤ የአንዱን ለሌላው አትገምት።

2. ባለጉዳይ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄህ «ማን ሰረቀህ?» ሳይሆን «ሥራህን በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ መቼ አስመዘገብክ?» ይሁን። እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚቀልጠው። ዘፈኑ መጋቢት 1 ወጣ፣ ሌላ ቻናል በሚያዝያ ጫነው እንበል። ባለቤቱ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ ካስመዘገበ፣ ጉዳቱን በገንዘብ ማስላት ሳያስፈልገው ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ካሳና የጠበቃ ወጪ መጠየቅ ይችላል። ሐምሌ ላይ ካስመዘገበ ግን መክሰስ ይችላል እንጂ ያንን ካሳም የጠበቃ ወጪም አያገኝም፤ ጥሰቱ ቢቀጥልም የጀመረው ከምዝገባው በፊት ነውና። የሚቀረው እውነተኛ ጉዳቱንና የተከሳሹን ትርፍ ማስረዳት ነው። በጥቂት እይታ ከዩቲዩብ የተገኘ ትርፍ የአንድ ምስክር ቃል መቀበያ ወጪ እንኳ አይሸፍንም። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውንም ለክስ አይበቃም፤ ከ2019 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ቢሮው መዝግቦ ወይም ውድቅ አድርጎ መልስ መስጠት አለበት። ለማስቸኮል 800 ዶላር ይከፈላል።

የኛ ሰው ደግሞ ግጥሙን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው፣ ቅንብሩን ከሦስተኛው በቃል ተቀብሎ «የኔ ነው» ብሎ ይመጣል። የመብቱ ባለቤት በፈረመበት ጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር የብቸኛ መብት ዝውውር አይጸናም። ወረቀቱን ሳታይ ክስ አትጻፍ። የባሰው ደግሞ የካውንተር ኖቲስ ቅጹን (በቅጂ መብት አቤቱታ ከዩቲዩብ የወረደበት ሥራ እንዲመለስ የሚጠይቅበትን) ብቻውን ሞልቶ ከላከ በኋላ የሚደውለው ነው፤ በሐሰት ቢሆን እንደሚቀጣ አምኖ ፈርሟል፣ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣንም ተስማምቷል።

የስም ማጥፋት ጉዳይ ላይ ይርጋው በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም አንድ ዓመት ነው። ተከላካይ ከሆንክ የዲሲ አንቲ-ስላፕ ሕግ (ሰውን በክስ አስፈራርቶ ዝም ማሰኘትን የሚከላከለው) ልዩ የውድቅታ አቤቱታ ለማቅረብ 45 ቀን ይሰጥሃል። ነገር ግን የዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ሕጉ በፌዴራል ችሎት እንደማይሠራ ወስኗል፤ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ለማዛወር የሚቸኩል ጠበቃ ጋሻውን በገዛ እጁ ይጥላል።

ልምድ ለማግኘት በተማሪነትህም የሚከፈት በር አለ፤ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው፣ አነስተኛ የቅጂ መብት ክርክሮችን ከፍርድ ቤት ውጭ የሚያየው የቅጂ መብት ይገባኛል ቦርድ። የመክፈቻ ክፍያው በሁለት ጊዜ 40 እና 60 ዶላር ነው፣ የአንድ ጉዳይ ጣሪያው 30,000 ነው፣ የሕግ ተማሪም በክትትል ሥር ያለ ክፍያ መቆም ይችላል። ዘግይቶ ላስመዘገበም ለአንድ ሥራ እስከ 7,500 ዶላር ይሰጣል፤ ከላይ ያልኩት የሐምሌው ሰው የሚሄደው እዚያ ነው። ተከሳሹ ግን በ60 ቀን ውስጥ «አልገባበትም» ካለ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ይህን ለባለጉዳይህ ክፍያ ከመቀበልህ በፊት በጽሑፍ ስጠው።