በሁለቱ ዶዝ መሀል ኮቪድ ቢይዝስ?

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። የመጀመሪያውን የፋይዘር ክትባት በወሰድሽ በ9ኛው ቀን ኮቪድ ስለተገኘብሽ "ክትባቱ ነው ያስያዘኝ? እንደገና ከአንድ ልጀምር?" ብለሻል። ክትባቱ አላስያዘሽም፣ ውስጡ ቫይረሱ ራሱ የለምና። ሰውነታችን መከላከያውን ለመገንባት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ አንቺን ያገኘሽ እዚያች ክፍተት ላይ ነው፤ ምናልባትም መርፌውን ስትወጊ ቫይረሱ ቀድሞ ገብቶ ይሆናል፣ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላላ። ከአንድ መጀመር የሚባል ነገር የለም፣ የመጀመሪያው ይቆጠርልሻል። ሁለተኛውን ግን እያተኮሰሽና እያሳለሽ ሄደሽ እንዳትወጊ፣ ወረፋ የሚጠብቁትንም ታስይዣለሽ። መጀመሪያ ዳኚ፣ ከሰው የምትለዪበት ጊዜም ይለቅ። ቀጠሮው ቢያልፍ አትጨነቂ፣ ካርድሽን ይዘሽ አዲስ ቀን አስይዢ። ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ እሱን ለነገ እንዳትዪ።